ከአሜሪካ የሚመጣ የኔትወርክ ቡስተር አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይሰራል?

የአባዶዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ኔትወርክ ቡስተር የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ ብር ሳናወጣ በፊት አንድ ነገር በሉኝ። እናቴ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ነው የምትኖረው፣ ፊት ለፊትም በጎንም ሌላ ብሎክ ገጥሞታል፣ ሳሎን ውስጥ ስልኳ አንድ ባር ካሳየ ጥሩ ቀን ነው፣ መኝታ ቤትና ኪችን ጭራሽ የለም ማለት ይቻላል፣ በረንዳ ላይ ስትወጣ ግን ይሰራል። እማዬ የደም ግፊት አለባት እኛ ደግሞ ሁላችንም ስራ ላይ ነን፣ ስንደውል ማግኘት አይቻልም ይለናል፣ እስክናገኛት ድረስ ጭንቀቱ አይጣል ነው፣ ጎረቤት ጋ ደውለን እባካችሁ እማዬን እዩልን እስከማለት ደርሰናል። የባንክ ኮድ በቴክስት ሲላክላትም እሷ ጋ የሚደርሰው ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ነው።

ወንድሜ ሜሪላንድ ነው ያለው። እዛ ሰው ቤቱ የሚያስገባው ቡስተር የሚባል እቃ አለ፣ አንዱ አንቴና ውጪ ይሰቀላል ሌላው ውስጥ ይቀመጣል፣ ለፋሲካ ስመጣ ይዤው ልምጣ እያለ ነው። ዋጋው ደግሞ ቀላል አይደለም፣ በመቶዎች ዶላር ነው የሚያወራው። ይሰራል ወይ? እዚሁ የሚሸጠውስ ይሻላል? ፈቃድ ምናምን ያስፈልገዋል እንዴ? ያስገባ ሰው ካለ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።


ቢኒ ሰሚት፦

እህቴ ከአሜሪካ ማስመጣት ምን አስፈለገ፣ መርካቶ ኤሌክትሮኒክስ ቤቶች ዞር ዞር ብለሽ ብትጠይቂ 900፣ 1800፣ 2100 የተፃፈበት ሳጥን አይጠፋም። ጓደኛዬ ሱቁ ቤዝመንት ስለሆነ አስገብቶ አሁን ባሩ ሙሉ ነው። ዋጋውም ከአሜሪካው በጣም ይቀንሳል። እኔ ብሆን እሱን ነው የምገዛው።


ራዲዮ ቴክ፦

የአባዶዋ፣ መጀመሪያ ለወንድምሽ ዛሬውኑ ደውለሽ እንዳይገዛ ንገሪው። ምክንያቱን በደንብ ላስረዳሽ ምክንያቱም ዶላሩም ልፋቱም ያሳዝናል።

ስልክና ታወር የሚነጋገሩት በሁለት መስመር ነው፣ ስልኩ ወደ ታወሩ የሚልክበት ፍሪኩዌንሲ ለብቻው ነው፣ ታወሩ ወደ ስልኩ የሚልክበትም ለብቻው ነው። ቡስተር ሁለቱን እየለየ አንዱን ወደ ውጪ ሌላውን ወደ ውስጥ የሚያጎላ ማሽን ነው፣ የትኛው ወጪ የትኛው ገቢ እንደሆነ ፋብሪካ ተወስኖ ነው የሚመጣው፣ አንቺ ቤት ውስጥ የምትቀይሪው ነገር አይደለም። እኛ አገር በዋናነት 900፣ 1800 እና 2100 ሜጋኸርዝ ነው ያለው። እዛ ለቤት የሚሸጡት ግን ለ700፣ ለ850፣ ለ1900 እና 1700 ከ2100 ጋር ለተጣመረበት ባንድ (የፍሪኩዌንሲ ክልል ማለት ነው) የተሰሩ ናቸው።

አሁን ጉዱ እዚህ ጋ ነው። እዚህ በ1800 ባንድ ታወሩ ወደ ስልክ የሚልከው ከ1805 እስከ 1880 ባለው ውስጥ ነው። የአሜሪካው ቡስተር ግን ከ1850 እስከ 1910 ያለውን ሁሉ ስልክ የላከው አድርጎ ስለሚቆጥረው ከቤት ወደ ውጪ ነው የሚገፋው፣ አቅጣጫው ተገለበጠ ማለት ነው። በ2100 ደግሞ ታወሩ የሚልክበት ከ2110 ጀምሮ ያለው ከአሜሪካው ጋር በአብዛኛው ይገጥማል፣ ስለዚህ ባሩ ሊሞላ ይችላል፣ ግን ስልኩ መልሶ የሚልክበት ከ1920 እስከ 1980 ያለው በትክክለኛው አቅጣጫ አይጎላም። ባር ሙሉ ሆኖ ጥሪ አልሄድ ይላል ወይ ደግሞ እናትሽ እናንተን ይሰማሉ እናንተ እሳቸውን አትሰሙም። ለዚህ ነው ባሩ ሞላ ማለት ብቻውን ምንም የማይነግርሽ፣ ቢኒ የጓደኛህንም እስቲ ጥሪው እንዴት እንደሆነ ጠይቀው።

ሌላው፣ ቡስተር ኔትወርክ አይፈጥርም፣ ውጪ ያለውን ነው ወደ ውስጥ የሚያስገባው። ስለዚህ ምንም ከመግዛትሽ በፊት ለኪ። ባር ላይ አትተማመኚ፣ ስልኩ ሁሉ በየራሱ ነው የሚስለው። አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ አባውት ፎን ከዛ ሲም ስታተስ የሚል አለ፣ እዛ ሲግናል ስትሬንግዝ ብሎ በዲቢኤም ቁጥር ያሳይሻል። እዛ ካጣሽው *#*#4636#*#* ብለሽ ፃፊ፣ አንዳንዱ ስልክ ላይ ይከፍታል። አይፎን ከሆነ *3001#12345#* ብለሽ ደውዪ። ቁጥሩ ኔጌቲቭ ነው፣ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል። 4ጂ ላይ -85 አካባቢ በጣም ጥሩ ነው፣ -100 ይሰራል፣ ከ-110 ሲወርድ መቆራረጥ ይጀምራል፣ -120 አካባቢ በቃ የለም በይው። የ10 ልዩነት ማለት ጉልበቱ አስር እጥፍ ተለያየ ማለት ነው፣ ትንሽ ቁጥር እንዳይመስልሽ። በረንዳ፣ ሳሎን፣ መኝታ፣ ኪችን ለየብቻ ለክተሽ ፃፊልን፣ ከዛ ኔትወርኩን 2ጂ ብቻ አድርገሽ ድገሚው። የ2ጂው አለካክ የተለየ ስለሆነ ግን የሱን -100 ከ4ጂው -100 ጋር አታነፃፅሪ፣ ሁለቱን ለየብቻ እናያቸዋለን።

አንድ ጥያቄም አለኝ፣ ችግሩ ሁልጊዜ ነው ወይስ መብራት ሲጠፋ ነው የሚብሰው?


የህግ ሰው፦

ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ ላልሽው፣ አዎ በጣም ያስፈልጋል። በ2004 የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 የቴሌኮም መሳሪያ ያለ ፈቃድ ማምረት፣ ማስገባትና መሸጥን ብቻ አይደለም የሚከለክለው፣ ያለ ፈቃድ መጠቀምና ይዞ መገኘትም ወንጀል ነው ይላል፣ ቅጣቱ እስርም ገንዘብም አለው። ቡስተር ደግሞ ኦፕሬተሩ ፈቃድ በተሰጠው ፍሪኩዌንሲ ላይ የሚያሰራጭ መሳሪያ ነው፣ እንደ ቻርጀር ወይ እንደ ኢርፎን የሚታይ እቃ አይደለም። ወንድምሽ ለእናቱ ብሎ በንፁህ ልብ ያመጣው እቃ ቦሌ ጉምሩክ ላይ ሊያዝበት ይችላል፣ ከዛ በበዓሉ መሀል መመላለስ ነው። መርካቶ መሸጡም ፈቃድ አለው ማለት አይደለም፣ ቢኒ ይሄን ልብ በለው። አሁን ዘርፉን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ነው፣ መሳሪያ ታይፕ አፕሩቫል (የዓይነት ማረጋገጫ) ይኑረው አይኑረው የሚጠየቀው እዛ ነው። ሻጩ ችግር የለውም ስላለሽ ብቻ እንዳትገዢ።


ቢኒ ሰሚት፦

እሺ ይሄን አላውቅም ነበር፣ ለጓደኛዬም እነግረዋለሁ። ግን አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ ትንሽ ሳጥን ቢሰካ ማንን ይጎዳል?


ጀሞ ብሎክ፦

ቢኒ እኛ ብሎክ የሆነውን ልንገርህ። ከስር ካሉት ሱቆች አንዱ እንዲህ አይነት ሳጥን ሰክቶ ነበር፣ ለሱ ጥሩ ሆነለት፣ እኛ ላይኛው ፎቅ ያለነው ግን ባር ሙሉ ሆኖ መደወል አቃተን፣ ጥሪ ይጀምርና ይቋረጣል፣ ኢንተርኔት ይንቀራፈፋል። ሁላችንም ስልካችን ተበላሸ ብለን ነበር፣ ሰው ሁሉ ስልክ ሊቀይር ነው። በኋላ የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ አመለከተና ቴክኒሻኖች በእጅ የሚያዝ አንቴና ይዘው መጥተው በየደረጃው እየዞሩ ሲፈልጉ ሱቁ ጋ አገኙት። ሲነቀል በዛው ሰዓት ተስተካከለ። ልጁም ክፉ ሰው አይደለም፣ የሸጠለት ሰው ምንም ችግር የለውም ብሎት ነው። ከኛ ጋ ያሉ አንድ ትልቅ ሰው በዛ ሰሞን ታመው አምቡላንስ መጥራት አልተቻለም ነበር፣ ጎረቤት በመኪና ነው ያደረሳቸው። ስለዚህ ማንን ይጎዳል ለሚለው ያን ያህል ይጎዳል።


ራዲዮ ቴክ፦

ጀሞ ያልከው ኦስሌሽን የሚባለው ነው። ውስጥ ያለው አንቴና የሚያሰራጨው ውጪ ያለው አንቴና ጋ ይደርስና እንደገና ይጎላል፣ እንደገና ይወጣል፣ ማይክ ስፒከር ፊት ሲቆም እንደሚጮኸው ማለት ነው፣ ልዩነቱ ይሄኛው ጩኸት ለጆሮ ስለማይሰማ ባለቤቱ አያውቅም፣ ታወሩ ግን እዛ ጩኸት ውስጥ የሌላውን ሰው ስልክ መስማት ያቅተዋል። ደህና የሚባሉት ማሽኖች ይሄን ሲያዩ ራሳቸውን ይቀንሳሉ ወይ ያጠፋሉ፣ ርካሾቹ ላይ ብዙ ጊዜ ያ ነገር የለም።


የአባዶዋ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ለወንድሜ ነግሬው ትቶታል። ቅዳሜ ሄጄ ለካሁ። 4ጂ ላይ በረንዳ -94፣ ሳሎን መሀል -113፣ መኝታ ቤት -119 ሆኖ ይጠፋል፣ ኪችን ምንም የለም። 2ጂ ብቻ ሳደርገው ሳሎን -91፣ መኝታ ቤት -97፣ ኪችን -101። የገረመኝ 2ጂ አድርጌው ኪችን ሆኜ ደወልኩ ሰራ! መብራት ላልከው፣ ሁልጊዜም ደካማ ነው ግን መብራት ጠፍቶ ሲቆይ በረንዳውም ላይ ይጠፋል።


ራዲዮ ቴክ፦

በጣም ጥሩ ለክተሻል፣ ከዚህ ሁሉ ነገር ይታያል።

በረንዳና ሳሎን መሀል ወደ 20 ልዩነት አለ፣ ማለትም በረንዳ ከደረሰው ሲግናል ሳሎን የሚገባው ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ነው። ብሎኬቱ፣ ፌሮ የታሰረበት ኮንክሪት፣ የላሜራው በር፣ ፊት ለፊት ያለው ብሎክ፣ ሁሉም ተደምሮ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲቆይ በረንዳውም የሚጠፋው ምናልባት የታወሩ ባትሪ እያለቀ ነው፣ ለሱ የትኛውም ቡስተር አይረዳም፣ ውጪ የሌለውን ከየት ያመጣል።

ፈቃድ ያለው ቡስተር ብታገኚም እንኳን ለዚህ ቤት አልመክርሽም። የቤት ቡስተር የማጉላት አቅሙ 65 ዲቢ ምናምን ነው (ዲቢ ያው የ10 ልዩነት አስር እጥፍ ነው ያልኩሽ መለኪያ ነው)፣ ሁለቱ አንቴናዎች መሀል ያለው መከለያና ርቀት ከዚያ በላይ፣ እንደውም ከ10 እስከ 15 ተጨምሮበት መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ጀሞ ያለው ነገር ይመጣል። ቪላ ቤት ቢሆን አንዱን ከቆርቆሮው በላይ ከፍ አድርገሽ ሰቅለሽ ሌላውን ከኮርኒስ ስር ታደርጊ ነበር፣ ቆርቆሮው ራሱ ጥሩ መከለያ ነው። ግራውንድ ኮንዶሚኒየም ላይ ግን ያለሽ በረንዳ ነው፣ በረንዳና ሳሎን ጥቂት ሜትር ነው፣ ግድግዳው 20 ቢከላ ነው። አይሆንም።

የሚሆነው ይሄ ነው። የእናትሽን ስልክ 2ጂ ላይ ቆልፊው፣ ወይ ለጥሪ ብቻ ባለ በተን ስልክ ያዙላቸው። 2ጂ ብዙውን ጊዜ በ900 ላይ ስለሚሰራ ዝቅ ያለው ፍሪኩዌንሲ ደግሞ ግድግዳ የማለፍ አቅሙ ይሻላል፣ ድምፅና ቴክስት ለማድረስም የሚፈልገው ሲግናል ትንሽ ነው። 4ጂ ላይ ያለ ስልክ ብዙ ጊዜ ጥሪ ሲመጣለት መጀመሪያ ወደ 3ጂ ወይ 2ጂ መውረድ አለበት፣ ሲግናሉ ጫፍ ላይ ከሆነ እዛች ጋ ነው የሚጠፋው፣ እናንተም ማግኘት አይቻልም የሚለውን የምትሰሙት ለዚህ ሊሆን ይችላል። የባንክ ኮድ የሚመጣበት ሲም በተኑ ውስጥ ይሁን። ኢንተርኔት ከፈለጉ ሌላ ሲም ስማርቱ ላይ።

ከዛ በላይ ማስተካከል ከፈለግሽ ሲም የሚገባበት የጠረጴዛ ስልክ አለ፣ ድሮ ክፍለ ሀገር በየቤቱ የነበረው ሽቦ አልባ ስልክ አይነት፣ ጀርባው ላይ የሚፈታ አንቴና ያለውን ፈልጊ። አንቴናውን ፈትተሽ በኬብል በረንዳ ላይ ታወጪዋለሽ፣ ስልኩ ሳሎን ይቀመጣል። ይሄ ቡስተር አይደለም፣ ምንም አያጎላም፣ አንድ ስልክ ነው ጆሮው ብቻ ውጪ ወጣ። ስትገዢ የዓይነት ማረጋገጫው እንዳለው ጠይቂ። ኬብሉ ከ5 ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው፣ ቀጭኑን ኬብል አትግዢ ሲግናሉን መንገድ ላይ ይበላዋል፣ ማገናኛውን ደግሞ ውሃ እንዳይገባው በቴፕ በደንብ ጠቅልዪው፣ ክረምት ሲመጣ መጀመሪያ የሚበላሸው እሱ ነው።

በረንዳ ላይ ደግሞ የሌላውን ኦፕሬተር ሲም አስገብተሽ ለኪ። ከ2015 መጀመሪያ ጀምሮ ሳፋሪኮምም ስላለ ምርጫ አለ፣ የሁለቱ ታወር አንድ ቦታ ላይሆን ይችላል፣ አንዱ በአንቺ በረንዳ በኩል ከሆነ ምንም ሳትገዢ ተገላገልሽ።


ሲልቨር ስፕሪንግ፦

እኔም ሜሪላንድ ነኝ፣ እዚህ ቤዝመንት ተከራይተው ኔትወርክ የሚቸግራቸው ሀበሾች ብዙ ስለሆኑ ለነሱም ቢሆን ልጨምር። ወንድምሽ ያየው እቃ እዚህ ሕጋዊ ነው፣ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በፈረንጆች 2013 ያወጣው ደንብ አለ፣ የማጉላት ጣሪያ ተቀምጦለታል፣ ማወክ ሲጀምር ራሱን እንዲያጠፋ ይገደዳል፣ ገዢውም ከመሰካቱ በፊት ስልክ ኩባንያው ጋ ማስመዝገብ አለበት። ይሄ ሁሉ ግን የዚህ አገር ፈቃድ ነው፣ ቦሌ ላይ አይሰራም።

እዚህ ላላችሁት ደግሞ ቤዝመንት ውስጥ ዋይፋይ ካለ ቡስተር አትግዙ፣ ስልካችሁ ሴቲንግ ውስጥ ዋይፋይ ኮሊንግ የሚለውን አብሩት፣ በመደበኛ ቁጥራችሁ በዋይፋይ ትደውላላችሁ ይደወልላችኋል። ሲያበሩት አድራሻ ይጠይቃል፣ የምትኖሩበትን በትክክል ሙሉት፣ ቤት ስትቀይሩም ቀይሩት፣ ምክንያቱም በዋይፋይ 911 ብትደውሉ አምቡላንሱ እዛ አድራሻ ሊሄድ ይችላል። በዚህ ነገር ቸልተኛ አትሁኑ፣ እናት አባት ከአገር ቤት አምጥታችሁ ቀን ብቻቸውን የሚውሉ ከሆነ በተለይ።

የአባዶዋ ለወንድምሽ ደግሞ ያንን ብር ለግፊት መለኪያ ያውለው፣ ራሱ ክንድ ላይ የሚታሰር ሆኖ በባትሪ የሚሰራውን። እማማ ቤት ይጠቅማል።


ጀሞ ብሎክ፦

ራዲዮ ቴክ ያለው ላይ አንድ ልጨምር፣ ለብቻሽ አትሩጪ። የናንተ ብሎክ ግራውንድ ላይ ያሉት ሁሉ አንድ አይነት ችግር ነው የሚኖራቸው። በየቤቱ አንቺ እንደለካሽው አስለኪ፣ የብሎክ ቁጥር፣ የቤት ቁጥር፣ 4ጂና 2ጂ ብለሽ በአንድ ወረቀት ፃፊው፣ ከዛ በኮሚቴው ማህተም ይግባ። ኔትወርክ የለም ብሎ ስልክ መደወልና እንዲህ በቁጥር ማስገባት አንድ አይደለም፣ መሐንዲሱም የት እንደሚያይ ያውቃል። ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994፣ ሳፋሪኮም ከሆነ 700 ደውለሽ የት እንደሚገባ ጠይቂያቸው፣ የአቤቱታ ቁጥር ስጡኝ በይና ያዢው። ለህንፃ ውስጥ ሽፋን የሚሆን ነገር መትከል የሚችሉት በፍሪኩዌንሲው ላይ ፈቃድ ያላቸው እነሱ ናቸው።


የአባዶዋ፦

በጣም ነው የማመሰግነው ሁላችሁንም። ለጊዜው ስልኳን 2ጂ አድርጌላት መጣሁ፣ ትናንት ኪችን ሆና አነሳችልኝ። ወረቀቱንም ከጎረቤቶች ጋር ጀምረናል፣ ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ሳይቀሩ እኛንም ፃፉን አሉ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ ኔትወርክ ጭራሽ ሲጠፋባት ጥሪው አብራት ወደምትኖረው ልጅ ስልክ እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል? የልጅቷ ሲም የሌላኛው ኦፕሬተር ነው፣ እሷ ጋ ትንሽ ይሻላል።


ራዲዮ ቴክ፦

ይቻላል። በእናትሽ ስልክ **62* ብለሽ የልጅቷን ቁጥር ታስገቢያለሽ ከዛ # ብለሽ ትደውያለሽ፣ ኮዱ በ2ጂና በ3ጂ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት ነው። 62 ማለት ማግኘት ሳይቻል ሲቀር ብቻ ነው፣ ስልካቸው ኔትወርክ ካለው እንደ ወትሮው እሳቸው ጋ ይጠራል። 21ን እንዳታስገቢ፣ እሱ ሁሉንም ጥሪ ነው የሚወስደው። የገባ መሆኑን *#62# ብለሽ ታያለሽ፣ ለማጥፋት ##62#። ከእናትሽ ስልክ ወደ ልጅቷ የሚተላለፈው ጥሪ የሚቆጠረው እናትሽ ላይ ስለሆነ ሲሙ ላይ ሂሳብ አይጥፋ፣ ካለቀ ማስተላለፉም ይቆማል። ቴክስት ግን አይተላለፍም፣ የባንክ ኮዱ የሚመጣው እዛው እሳቸው ሲም ላይ ነው።